የጓንጉል ጢምና ደነዙ ምላጭ

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔም ምላሴን አልሰስትም።

ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሲሞትበት ጢሙን ለሐዘን አሳደገ። ዓመት ሞላው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ደረሰ፤ ደፍሮ «በቃህ» ያለው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ የሟች ወንድሙ ልጅ ዘርፌ የምትዳርበት ቀን መጣ። አባት የላትምና ጉልበት ስማ ምርቃት የምትቀበለው ከአጎቷ ነው። በዚያ አገር ደግሞ የሐዘን ጢም ይዞ ሙሽራ መመረቅ ነውር ነው።

«አጎቴ፣ አንተ ሳትመርቀኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» አለች ዘርፌ። «ሙሽራው ከመጣም ደጅ ይጠብቅ!»

ጓንጉል መላጨት ፈለገ። ከተማ ያለው ጢም ላጪ በነጻ አይሠራም፤ የጓንጉል ኪስ ውስጥ ደግሞ ከድግሱ ወጪ የተረፈው የገለባ ብናኝ ብቻ ነበር። ስለዚህ የአባቱን ምላጭ ከሣጥን አወጣ፤ እጀታው ከቀንድ የተሠራ፣ የሚታጠፍ አሮጌ ምላጭ።

«ምላጭ፣ ጢሜን ላጭልኝ።»

«አልላጭም» አለ ምላጭ። «ሣጥን ውስጥ ተኝቼ ደንዝዣለሁ። ድንጋይ ይሳለኝ።»

ጓንጉል መንደርተኛው ማጭድ ወደሚስልበት ድንጋይ ሄደ። «ድንጋይ፣ ምላጭ ሳልልኝ። ምላጭ ጢም አልላጭ አለ፤ ጢም ካልተላጨ ሙሽራ አትመረቅም።»

«አልስልም» አለ ድንጋይ። «በደረቁ ከፈተግከኝ ስለቱን እበላዋለሁ። ውሃ ያርሰኝ።»

ቤት ያለው ውሃ በሙሉ ለጠላ ሄዷል። ጓንጉል ቁልቁል ወደ ምንጩ ሮጠ። «ውሃ፣ ድንጋይ አርስልኝ። ድንጋይ ምላጭ አልስል አለ፤ ምላጭ ጢም አልላጭ አለ፤ ጢም ካልተላጨ ሙሽራ አትመረቅም።»

«እኔ ዳገት የምወጣበት እግር አለኝ እንዴ?» አለ ውሃ። «ቅል ይቅዳኝ።»

እንስራው ሁሉ በድግሱ ተይዟል። የቀረው ግድግዳ ላይ የተረሳ አንድ ቅል ነው። «ቅል፣ ውሃ ቅዳልኝ። ውሃ ድንጋይ አላርስ አለ፤ ድንጋይ ምላጭ አልስል አለ፤ ምላጭ ጢም አልላጭ አለ፤ ጢም ካልተላጨ ሙሽራ አትመረቅም።»

«ጎኔ ተሰንጥቋል፣ አታይም?» አለ ቅል። «ዳገቱን ሳንጨርስ ውሃው ያልቃል። መጀመሪያ በሰም ድፈነኝ።»

ጓንጉል ጎረቤት ቀፎ ውስጥ ወዳሉት ንቦች ሄደ። እኔ ብሆን ይሄኔ ጢሜን በጣቴ እነጨው ነበር፤ እሱ ግን ትዕግሥተኛ ነው። «ንቦች፣ ሰም ስጡኝ። ቅል ውሃ አልቀዳ አለ፤ ውሃ ድንጋይ አላርስ አለ፤ ድንጋይ ምላጭ አልስል አለ፤ ምላጭ ጢም አልላጭ አለ፤ ጢም ካልተላጨ ሙሽራ አትመረቅም።»

«አንሰጥም!» አሉ ንቦች። «የቀፎው ባለቤት እማማ አንጓች ናቸው። እሳቸው ሳይፈቅዱ ከነካኸን አፍንጫህን እናሳብጠዋለን።»

እማማ አንጓች አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ከወንዙ ማዶ የሙሽራው አጃቢዎች ከበሮ መሰማት ጀመረ። ጓንጉል ላብ በላብ ሆነ።

«እማማ፣ ይፍቀዱልኝ! ንብ ሰም አልሰጥ አለ፤ ቅል ውሃ አልቀዳ አለ፤ ውሃ ድንጋይ አላርስ አለ፤ ድንጋይ ምላጭ አልስል አለ፤ ምላጭ ጢም አልላጭ አለ፤ ጢም ካልተላጨ ሙሽራ አትመረቅም!»

«ተንፍስ እንጂ ልጄ» አሉ እማማ አንጓች። «ሰሙ ያንተ ነው፤ በነጻ ግን አይደለም።»

«ኪሴ ባዶ ነው፣ እማማ!»

«ኪስህን ማን ጠየቀህ? ከወንድምህ ጋር ስታርሱ የምትዘፍኗት ዘፈን ነበረች። ማጀቴ ድረስ ትሰማኝ ነበር። ይኸው ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ጭር አለብኝ። እሷን ዝፈንልኝ።»

«ሐዘንተኛ ነኝ እኮ።»

«ወንድምህ ሐዘን ይወድ ነበር?»

ወንድሙ ሐዘን አይወድም ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ ሰው የሚያስቅ ሰው ነበር። ጓንጉልም አፉን ከፈተ፦

«ሞፈሬ ወይራ ነው፤ ቀንበሬም ዋንዛ፣
ወንድሜ ካለልኝ ድካሙም ዋዛ።»

መጀመሪያ ድምፁ ሻከረ፤ ኋላ ግን ማዶ ያለውን ከበሮ አስናቀው።

እማማ ፈቀዱ። ንብ ሰም ሰጠ፤ ሰም ቅል ደፈነ፤ ቅል ውሃ ቀዳ፤ ውሃ ድንጋይ አራሰ። ጓንጉል የምላጩን ጀርባና ስለት ድንጋዩ ላይ አስተኝቶ፣ ሳይጫን ወዲያና ወዲህ ሳበው፤ ድንጋይ ምላጭ ሳለ።

«ቆይ» አለ ምላጭ። «ማለስለሻ ቆዳም እፈልጋለሁ።»

«አሁን ቆዳ ከየት ላምጣ?»

«ወገብህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ጓንጉል ቀበቶውን ፈታና አንዱን ጫፍ ከእማማ አጥር ምሰሶ ጋር አሰረ። በአንድ እጁ ቀበቶውን ወጠረ፤ በሌላው ምላጩን አንሸራተተ። ሱሪውን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ግን ከየት ይምጣ? ሱሪው መውረድ ሲጀምር ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እየጨፈረ ደረሰ። እማማ አንጓች ምስራቸውን በትነው ተነሡና ሱሪውን ከኋላ ጨብጠው ያዙለት። ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ከበሮው ቆመ። ጓንጉልም ሳቀ፤ ከዓመት በኋላ መጀመሪያ የሳቀው ያን ቀን ነው።

ቀበቶ ምላጭ አለሰለሰ፤ ምላጭ ጢም ላጨ፤ ጢም መሬት ወደቀ።

ጓንጉል ቤት ሲገባ ዘርፌ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ቀና ብላ ስታየው ግን ደርቃ ቀረች። ከዚያ ጢም ሥር የወጣው የአባቷ ፊት ነበር፤ ያው አገጭ፣ ያው ጉንጭ። ሁለት እጇን ጉንጩ ላይ አደረገች።

«አባቴ ሰርጌ ላይ መጣልኝ» አለች።

«መጣልሽ» አለ ጓንጉል፤ አንድ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ፣ በሌላው ሱሪውን እንደያዘ መረቃት።

እኔ ይህን ያህል ለፈለፍኩ፤ ከሰርጉ ዳቦ የተረፈ ካለ ለአፌ አምጡለት።