ከባንዱ የሚባረረው ሰው
አራት የጋራዥ መካኒኮች የሮክ ባንድ አቋቁመው ዘፈናቸውን ሊቀዱ ወደ ጋሽ ልሳነወርቅ ስቱዲዮ ገቡ። ስቱዲዮው አንዲት ክፍል ናት። ጋሽ ልሳነወርቅ መቅጃው ፊት ጉብ ብለው፣ «ከእኔ ጆሮ የምታመልጥ ስህተት አልተፈጠረችም!» ይላሉ። ዘፈን ሲጀመር ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ያንጎራጉራሉ፤ ለራሳቸው አይታወቃቸውም። ድራመሩ ይህን ሰምቶ ጓደኞቹን አየ፤ ጓደኞቹ መሬት መሬቱን አዩ። በከተማው ሌላ ስቱዲዮ የለም፤ ማን ደፍሮ ይናገር?

ቅጂው ሲከፈት፣ ከጊታሩ ጩኸት መሃል ዜማውን የሳተ ጉርምርምታ ተሰማ። ጋሽ ልሳነወርቅ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ።

«ይሄ የማን ጉሮሮ ነው? በሬ እንኳ እንዲህ አያጓራም! ይሄን ሰው አሁኑኑ ከዚህ ቤት ካላስወጣችሁ አንዲት ዘፈን አልቀዳላችሁም!»

ዘፋኙን ላብ አጠመቀው። ድራመሩ ግን መምቻዎቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና በትሕትና እጅ ነሥቶ መለሰ፦

«ጋሼ፣ እኛማ ገና ሲጀምር እናስወጣው ነበር፤ ቤቱ የራሱ ሆኖብን ነው እንጂ።»