ከንጉሡ እስከ አቶ ዘውዱ

አንድ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ከደብረ ታቦር ጎንደር ገቡ። አንደኛው አያ ዳኘው ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው አስቆ የሚወቀስ። ሁለተኛው ቄስ ሞገስ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ረጋ ያሉ ካህን፣ አያ ዳኘው አፉን በከፈተ ቁጥር መስቀላቸውን ጨበጥ የሚያደርጉ። የሚጠየቀው ለአያ ዳኘው የወንድም ልጅ ለውባንተ ነው፤ የምትጠየቀው ትርንጎ ናት። ልጁና ልጅቱ ከተዋደዱ ቆይተዋል። ያስቸገሩት አባቷ ናቸው።

አባትየው አቶ ዘውዱ ይባላሉ። ጎንደር ከተማ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ሰው ሲያገኙ ግን የሚያነሡት ሱቁን ሳይሆን ዘራቸውን ነው። «እኛ የፋሲል ልጆች» ሳይሉ ሰላምታ አይመልሱም። ሽማግሌዎቹንም ሁለት ጊዜ «ከዘመድ ልምከር» እያሉ መልሰዋቸዋል። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ሦስቴ ሄዶ የተመለሰ ሽማግሌ ደግሞ ለአራተኛው አይነሣም፤ ዛሬ እንቢ ከተባለ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ውባንተ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያደገው በአያ ዳኘው ቤት ነው። ዛሬ ጠዋት የአጎቱን ጫማ ቀብቶ በር ላይ አስቀመጠለት። አያ ዳኘው መኪና ውስጥ ያን ጫማ እያየ ነው ጎንደር የደረሰው።

ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ «ተቀመጡ» ቢባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል፤ ወጉ ነው። አቶ ዘውዱ ግን የዚያን ዕለት ተቀመጡ ማለቱንም ተዉት። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ደጃፍ ላይ ጠበቋቸው።

«ዛሬ እዚህ አንነጋገርም» አሉ። «ቤታችን ሄደን ነው የምንነጋገረው።»

«ይሄስ የማን ነው?» አለ አያ ዳኘው፣ ከኋላቸው ያለውን ቤት እያየ።

«ይሄማ የምናድርበት ነው። ቤታችን ፋሲል ግቢ ነው! ከማን ጋር ልትጋቡ እንደመጣችሁ በዐይናችሁ እዩት።»

ሚስታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተከትለው ወጡ። የልጃቸውን ሠርግ ለማየት ከሁሉ የሚጓጉት እሳቸው ናቸው፤ ግን ባላቸውን መጎትጎት ከሰለቻቸው ቆይቷል። በአያ ዳኘው አጠገብ ሲያልፉ ቀስ ብለው «አደራ ወንድሜ፣ የዛሬውን እንደ ምንም» አሉት።

የግቢው በር ላይ አንድ አስጎብኚ ሊያስተናግዳቸው ቀረበ። አቶ ዘውዱ በእጃቸው ከለከሉት። «በገዛ ቤቴ ሰው መንገድ አይመራኝም!» ብለው ትኬት ሊቆርጡ ሄዱ።

«ጌታው፣ ለገዛ ቤትም ትኬት አለው እንዴ?» አለ አያ ዳኘው።

ቄስ ሞገስ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «ተው ዳኘው፤ ልንለምን ነው የመጣነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መቻል ነው። አቶ ዘውዱ ግንቡን እንደ ገዛ ጓዳቸው አስጎበኙ። «እዚህ አዳራሽ ግብር እናበላ ነበር። እዚያ ሰገነት ላይ ቆመን ፍርድ እንሰጥ ነበር። ይሄ የአንበሶቻችን ቤት ነው» ይላሉ። ሣሩና ዛፉ ጋ ሲደርሱ አንዱን አትክልተኛ ጠርተው «ይሄን ሣር ማን ነው እንዲህ ያሳደገው? በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም!» ብለው ተቆጡት። አትክልተኛው ግራ ገብቶት ባርኔጣውን አወለቀ። ፈረንጆች ፎቶ ሲያነሡ ደግሞ ወደ ግንቡ ጠጋ ብለው፣ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው፣ ባለቤቱ ከፎቶው እንዳይቀርባቸው ቆሙላቸው።

አያ ዳኘው ሳቁን በግድ ዋጠው። ግንቡን ግን ወደደው፤ ዝም ብሎ ማድነቅ አይሆንለትም እንጂ እውነትም የሚደነቅ ነበር። ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ክብ ክብ ማማ፣ ከሥሩ ሣሩ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ወጣቶች። ውባንተና ትርንጎ እንደነዚህ ልጆች ሳይሸማቀቁ የሚቀመጡበት ቀን ታየውና፣ ዛሬ ባዶ እጄን ብመለስ ያን ልጅ በምን ዐይኔ አየዋለሁ ብሎ ጨነቀው።

ዋናው ግንብ ፊት ለፊት ሲደርሱ አቶ ዘውዱ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አያችሁ። አሁን ጉዳያችሁን ተናገሩ።»

ቄስ ሞገስ እንደ ወጉ ጀመሩ። «በእግዚአብሔር ስም፣ ልጅዎን ለልጃችን…»

«ልጁ ከማን ወገን ነው?» አቶ ዘውዱ አላስጨረሷቸውም። «እኔ ትርንጎን የምድራት የዚህ ግንብ ባለቤት ዘር ለሆነ ብቻ ነው። የፋሲል ዘር ካልሆነ አይሆንም። ቁርጤ ይሄ ነው፤ አራተኛ መምጣትም የለም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ቄስ ሞገስ ወደ አያ ዳኘው ጆሮ ጠጋ ብለው «እንግዲህ እዚህ አገር ዘሩን ከንጉሥ የማይቆጥር የለም፤ አንተም አንድ ሁለት አያት ጠርተህ አስጠጋው እንጂ፣ ንስሐውን እኔ እሰጥሃለሁ» አሉት። ቄሱ እንዲህ ካሉ ነገሩ ምን ያህል እንደ ከፋ አስቡት።

አያ ዳኘው ግን አልቸኮለም።

«ጌታው፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ እርስዎ ከንጉሡ ስንተኛ ነዎት?»

አቶ ዘውዱ ይሄን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ደረታቸውን ነፉ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

«እኔ ዘውዱ፣ የጓንጉል ልጅ። ጓንጉል የመርሶ። መርሶ የክንፉ። ክንፉ የራሳቸው የንጉሡ ልጅ! ንጉሡን ብንቆጥር አምስት፣ ባንቆጥር እኔ አራተኛ!»

ግንቡ ከተሠራ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ነው። አራት ሰው ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ተካፍሎ እንደኖረው እግዜር ይወቅ። ግን የሰው ልጅ ዘሩን ሲቆጥር ወጉ ይሄው ነው፤ አራሹን ዘሎ፣ ቅቤ ነጋዴውን ዘሎ፣ ባለ ዕዳውን ዘሎ፣ ዘውድ ያለበት ላይ ዘጭ ይላል። ቄስ ሞገስ ሊስቁ ሲሉ አያ ዳኘው ነጠላቸውን ያዝ አደረገ።

«እንግዲያው ትርንጎ አምስተኛ ናት» አለ።

«አምስተኛ ናት! ከዚህ ቅርብ አለ?»

«የለም ጌታው። እኛ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ልጃችን ውባንተ የንጉሥ ዘር አይደለም። ጠብታም የለበት። ቅድመ አያቱ ገበሬ፣ አያቱ ገበሬ፣ አባቱም ነፍሱን ይማረውና ገበሬ።»

«በቃ!» አሉ አቶ ዘውዱ። «አለቀ! ደህና ግቡ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን አይሉም እንዴ?» አለ አያ ዳኘው።

«ለምኑ?»

«የንጉሥ ዘር ባለመሆኑ ነዋ! ዘመድ ከዘመድ እስከ ሰባት ቤት አይጋባም፤ ቄሱ እዚሁ አሉ፣ ይጠይቋቸው።»

«አይጋባም፤ ውግዝ ነው» አሉ ቄስ ሞገስ፣ አሁን ገብቷቸው።

«ትርንጎ በእርስዎ ቆጠራ አምስተኛ ቤት ላይ ናት። የንጉሡ ዘር የሆነ ሁሉ ወንድሟ ነው፤ እሱን ቄሱ አያጋቡም። የንጉሡ ዘር ያልሆነውን ደግሞ እርስዎ አይሰጡም። ታዲያ ጌታው፣ ልጅቱን ለማን ሊድሯት ነው? ለግንቡ?»

ወይዘሮ ደብሪቱ አፋቸውን በነጠላቸው ከደኑ። ትከሻቸው ግን እየተንቀጠቀጠ አሳበቀባቸው።

አቶ ዘውዱ ቀና ብለው ግንቡን አዩት፤ ግንቡ ምንም አላገዛቸውም። እንደገና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ቆይ እስቲ… ከክንፉ ወዲያ… አንድ ሁለት ሰው ሳልዘልል አልቀረሁም። እንዲያውም ሦስት አራት ሳይሆኑ አይቀሩም…»

«ይጨምሩ፣ ግድ የለም» አለ አያ ዳኘው። «ግን ጌታው፣ አንድ አያት በጨመሩ ቁጥር ከግንቡ አንድ በር ወደ ውጭ እየወጡ ነው። ጨምረው ሲጨርሱ እኛ ገበሬዎቹ ደጅ ቆመን እንጠብቅዎታለን።»

አቶ ዘውዱ የታጠፈ ጣታቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ። በመጨረሻ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና ልጃቸውን ለውባንተ ሰጡ፤ አያት ግን አንድም አልጨመሩም።