ትርንጎ ለምን ሳተች?

በዓለም አቀፉ የስፖርት ጨዋታ፣ በሽጉጥ የዒላማ ተኩስ ውድድር፣ ትርንጎ የምትባል ተወዳዳሪ ከሁሉም መጨረሻ ወጣች። ገና ከሐዘኗ ሳትጽናና የልዑካን ቡድኑ መሪ አቶ ጌጡ ጥፋቱን በእሷ ላይ ሊያላክኩ ቆርጠው ጋዜጠኞች ፊት አቆሟት።

«ያጎደልንብሽ አንዳች ነገር የለም» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «እጅሽ ለምን እንደተንቀጠቀጠ ለሕዝቡ ተናገሪ። አለዚያ ከቡድኑ ተሰናብተሻል።»

ትርንጎ አንገቷን ቀና አደረገች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ እጄ ተንቀጥቅጧል። ጥይት ውድ ነው ስላሉን ልምምዱን ሁሉ የጨረስነው የባዶ ሽጉጥ ቃታ እየሳብን፣ በአፋችን ‹ጧ!› እያልን ነበር። እዚህ መጥቼ ሽጉጡ የእውነት ጥይት ሲተፋ ጊዜ ደነገጥኩ።»

ጋዜጠኞቹ ስቀው ሲያበቁ ማይክሮፎናቸውን ሁሉ ወደ አቶ ጌጡ አዞሩ።