ለኤሊ ዋስ የሆነው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ያለ ዝናብ ባለፈበት ዓመት፣ የአራዊቱ ሐይቅ ከዳር ከዳሩ እየሸሸ ሄደ። አንበሳም ከግርጌው ያለው ምንጭ ዛሬም ይፈልቅ እንደሆነ አይቶ የሚመጣ ፈለገ። እዚያ ድረስ የሚጠልቅ የኤሊ ወገን ብቻ ነው፤ ተራው ደግሞ የወጣቷ ኤሊ ሆነ። ኤሊ አንዴ ከጠለቀች የሚጠራት የለም፣ የሚመራትም የለም፤ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ትመለሳለች።

«እንቁላሎቼን አሸዋ ውስጥ የቀበርኩት ገና ትናንት ነው» አለች። «ብቀር ገብቶ የሚፈልገኝ ዋስ ካለኝ እወርዳለሁ።»

አንበሳ «መንገዱን መርምሮ ዋስ ለሚሆናት የጎሽ ታፋ እሰጣለሁ» ሲል ጅብ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ።

ዳርቻው ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን ሽማግሌ ኤሊዎች ጠየቀ። «ወርዳችሁ ታውቃላችሁ?»

«እናውቃለን።»

«ተመለሳችሁ?»

ኤሊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ይኸው እንደምታየን፣ አያ ጅቦ።»

ጅብ ወደ አንበሳ ሮጠ። «ጌታዬ፣ የጠየቅኩት ሁሉ ተመልሷል። አንድም የጠፋ የለም።»

«ያልተመለሱትንስ ጠየቅሃቸው?» አለች ቀበሮ።

«እነሱንማ የት አግኝቼ፣ እመት ቀበሮ?»

ቀበሮ ታፋውን አየት አደረገች።

ኤሊ ወረደች። ጥላው ረዘመ፤ ኤሊ የለችም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንበሳ «ዋስ ይግባ» አለ።

ጅብ የፊት እግሩን ውኃው ውስጥ ነከር አድርጎ አወጣው። «ለመሆኑ የዚህ ሐይቅ አዞ የት ነው የሚውለው? ጭቃውስ አይይዝም? ቄጠማው እግር አይጠልፍም? እስከ ዛሬ ወርደው የቀሩት ስንት ናቸው?»

«ጠዋት የጠፋ የለም ብለኸን አልነበር?»

«እሱማ ኤሊ ስትወርድ ነው፣ ጌታዬ።»

ይህን ሲባባሉ ኤሊ እየሰማች ከቄጠማው መሀል ብቅ አለች። ጀርባዋ ላይ የአዞ ጥርስ ታትሟል።

«ምንጩ ይፈልቃል። አዞውም ምንጩ አፍ ላይ ተኝቷል» አለች ቀስ ብላ። «እስኪያንቀላፋ ድንጋይ ሥር ተሸሽጌ ነው የቆየሁት። አያ ጅቦ፣ ያን ሁሉ ጥያቄ ጠዋት ብትጠይቀው ምን ነበረበት?»

ጅብ ግን ደረቱን ነፋ። «አላልኩም? ይኸው እሷም ተመለሰች። ታፋዬን።»

«እውነቱን ነው» አለች ቀበሮ። «መንገዱ እንዲህ ደህና ከሆነ ነገ አያ ጅቦ ይውረድ። እኔ ዋስ እሆነዋለሁ።»

«መልካም» አለ አንበሳ።

ጅብ እግሬ አውጪኝ ብሎ ኮረብታውን ሲሻገር ታፋውን ዞሮ እንኳ አላየውም። ቀበሮ ግን ታፋውን አይታዋለች። ኤሊም ወደ አሸዋዋ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ወደምንልክበት መንገድ የተመለሱትን ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም ቆጥረን፣ ነገ ራሳችን እንደምንሄድበት አድርገን መመርመር እንዳለብን ነው።