ሦስቱ የሙዚየም እምቢልታዎች

ተረቴ መጣ፣ ተረቴ መጣ! ጆሮ ያለው ይቀመጥ፣ ጆሮውን ቤት የረሳ ከጎረቤቱ ይዋስ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ኮረብታ ላይ በተሠራች ከተማ ውስጥ አንድ ሙዚየም ነበር። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ሰው ሲረግጠው «ሲጥ! ኧረ ቀስ፣ ወገቤን!» ይላል። በሩ አጠገብ አባ ነጋሪት ተቀምጧል፤ ቆዳው ቢላላም ጉራው አልላላም። መኪና ባለፈ ቁጥር «ድም! ማነው ሳያስፈቅድ የሚያልፍ?» ይላል። የጠባቂው የአቶ ምትኩ ቁልፎችም ወገባቸው ላይ ተንጠልጥለው «ቅጭል ቅጭል» እያሉ ሰው ያማሉ። ግድግዳው ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ማን ሰምቶት!

በመስኮቱ በኩል ሦስት የሸምበቆ እምቢልታዎች ተሰቅለዋል፤ ወንድማማቾች ናቸው። ትልቁ ሲነፋ የሚያውቀው «ቡ» ማለት ብቻ ነው። መካከለኛው «ቱ» ብቻ። ትንሹ «ጢ» ብቻ።

አንድ ቀን ጠዋት ለሙዚየሙ አዲስ የመስታወት ሣጥን መጣ። አቶ ምትኩ ማስቀመጫ ቦታ ቢያጡ ራሳቸውን አከኩ።

«እነዚህ ሸምበቆዎች አንድ ዓይነት ናቸው» አሉ። «አንድ ሙቀጫ ካለ ሁለተኛው ምን ያደርጋል? ዛሬ ጎብኚ የወደደው አንዱ ይቅር፤ ሁለቱ መጋዘን ይግቡ።»

መጋዘን ውስጥ ማን እንዳለች ታውቃላችሁ? እመት ምስጥ ከነልጆቿ! በመጋዘኑ በር ሥር ሆና ሰማች።

«ኑልኝ፣ የኔ ሸንኮራዎች!» አለች። «ልጆቼ ቁርስ አልቀመሱም።»

ሦስቱ ወንድማማቾች ደነገጡ። ደንግጠው ቢመካከሩ ምን ነበረበት? ተጣሉ እንጂ!

«ታላቅ እኔ ነኝ፤ እኔ ልቅር!» አለ ትልቁ።

«አንተማ ጎርናና ነህ፤ ልከኛው እኔ ነኝ!» አለ መካከለኛው።

«ሁለታችሁም አርጅታችኋል፤ እኔ ልጅ ነኝ፣ ገና አልጠገብኩም!» አለ ትንሹ።

«ድም! እናንተ የማትረቡ!» አለ አባ ነጋሪት። «የእናንተን ፀብ የምትበላው ምስጥ ናት!» የሰማው ግን አልነበረም።

ይሄኔ አያ ነፋስ በመስኮቱ ገባና «ማንን ልንፋ?» አለ።

«እኔን!» «እኔን!» «እኔን!»

አያ ነፋስ ሳቀና በተራ ሊነፋቸው ተስማማ።

መጀመሪያ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ገባ። ነፋስ ትልቁን ነፋው። «ቡ!»

«ላም ጠፋባችሁ እንዴ?» አለ ሹፌሩ፤ በመስኮት ወደ ውጭ አየት አድርጎ አለፈ። ሁለቱ ታናናሾች በሳቅ ተንፈራፈሩ።

ቀጥሎ አንዲት መምህርት ገባች። ነፋስ መካከለኛውን ነፋው። «ቱ!»

«አቶ ምትኩ፣ የበሩ ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል» ብላ አለፈች። አሁን የሳቁት ትልቁና ትንሹ ናቸው።

ሦስተኛ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ገባች። ነፋስ ትንሹን ነፋው። «ጢ!»

«ወይ ይቺ ትንኝ!» ብላ የገዛ ጉንጯን ጧ አደረገችው። ትልቁና መካከለኛው ሊሞቱ ደረሱ በሳቅ። ትንሹ ግን አለቀሰ። ማንም አላባበለውም።

የመዝጊያ ሰዓት ሲቃረብ ከዘራ ተሰማ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አባባ ውብሸት የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ገቡ።

«አባባ፣ ምን ሊያዩ መጡ?» አሉ አቶ ምትኩ።

«ለማየት አልመጣሁም፣ ለመስማት ነው እንጂ። ሙዚየም በጆሮም ይጎበኛል፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነበር። ወለሉ «ሲጥ» ሲል «ጽድ ነው» አሉ። ቁልፎቹ ሲንቀጫቀጩ «አንዱ ቁልፍ ተሰብሯል» አሉ። አቶ ምትኩ ቢቆጥሯቸው እውነትም አንዱ ተሰብሯል!

ነፋስ ትልቁን እንደገና ነፋው። «ቡ!»

አባባ ውብሸት ቀጥ ብለው ቆሙ። ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ።

«ምን ይጠብቃሉ?» አሉ አቶ ምትኩ።

«ወንድሞቹ ይመልሱለት እንጂ!» አሉ ሽማግሌው። «እምቢልታ ብቻውን አይነፋም። አንዱ ይጠራል፣ ሁለተኛው ይቀበላል፣ ሦስተኛው ያነሣል። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በየሠርጉ ‹ቱ› ስል ኖርኩ፤ ሌላ አልችልም። ‹ቡ› የሚለው ታላቄ ሞተ። ‹ጢ› የሚለው ታናሼም ተከተለው። ከዚያ ወዲህ የእኔ ‹ቱ› ለማንም ምኑም አይደል።»

ከዘራቸውን አነሡና «ይህም እንደኔ ብቻውን ቀርቶ ከሆነ አልሰማውም፤ ሆዴን ያባባዋል» አሉ። ዞረውም ወደ በሩ ሄዱ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

አቶ ምትኩ ደግሞ የገባቸው ሌላ ነው። «ሰው ቆሞ የሰማው ትልቁን ብቻ ነው። እሱ ይቅር!» ብለው ሁለቱን ታናናሾች ከግድግዳው አውርደው ያዟቸው። እመት ምስጥ ከበሩ ሥር ምራቋን ዋጠች።

ትልቁ አሸነፈ። ቀኑን ሙሉ የተመኘው ይህንኑ አልነበር? አሁን ግን የሽማግሌው ከዘራ ሲርቅ ሰማ። ነገ «ቡ» ሲል የሚመልስለት ማን ሊሆን ነው?

«አያ ነፋስ! እኔን ተወኝ፣ መካከለኛውን ንፋው!» ብሎ ጮኸ።

ነፋስ ሮጦ መካከለኛውን በአቶ ምትኩ እጅ ላይ እንዳለ ነፋው። «ቱ! እኔንም ተወኝ፣ ትንሹን ንፋው!»

«ጢ! እኔንም ተወኝ፣ ጋሼን ንፋው!»

«ቡ!» «ቱ!» «ጢ!» «ቡ! ቱ! ጢ! ቡ-ቱ-ጢ! ቡ-ቱ-ጢ!»

ከዘራው ቆመ። አባባ ውብሸት ዞሩ። ትከሻቸው መጀመሪያ አንዴ ተነቀነቀ፣ ከዚያማ ማን ይያዘው! «ቱ! ቱ!» እያሉ በራሳቸው አፍ ተቀበሉ፤ እንባቸውም ሳቃቸውም አንድ ላይ መጣ። አባ ነጋሪት «ድም!» አለ። ወለሉ «ሲጥ!» አለ። ቁልፎቹም «ቅጭል ቅጭል» አሉ፤ ለካ አቶ ምትኩ ራሳቸው እየጨፈሩ ኖሯል! ሹፌሩ፣ መምህርቷና ቅቤ ነጋዴዋ ከመንገድ ተመልሰው በሩ ላይ ተጋፉ።

«ሠርግ ነው እንዴ? የማን ሠርግ ነው?» አሉ ሦስቱም።

አቶ ምትኩ አዲሱን ሣጥን አመጡና ሦስቱን ወንድማማቾች ጎን ለጎን አስተኟቸው፤ ነፋስ እንዲገባም ክዳኑን ክፍት ተዉት። ከፊቱም «ሦስት እምቢልታ። አይለያዩም» ብለው ጻፉ። አባባ ውብሸት በየሳምንቱ እየመጡ «ቱ» ይላሉ። እመት ምስጥ የዚያን ዕለት ከነልጆቿ ጦሟን አደረች።

እንግዲህ ልጆች፣ እምቢልታ ብቻውን ቢጮኽ «ላም ጠፋች» ይባላል፤ ሦስት ሆኖ ቢጮኽ «ሠርግ መጣ» ይባላል።

እኔ «ቡ» ብያለሁ፤ «ቱ»ንና «ጢ»ን እናንተ መልሱልኝ።