ከስዊቹ ኋላ ያለው ግድግዳ

አንድ ሰው ነበረ። በአንዲት የወረዳ ከተማ ስልክ እየጠገነ የሚኖር፣ እጁ ፈጣን፣ አእምሮውም የያዘውን የማይለቅ ሰው ነበረ። ልጄ፣ ሰነፍ ነበር ብለሽ አትጀምሪ። የሰነፍ ታሪክ ለማንም አይጠቅምም፤ ሰነፉ ራሱ እንኳ ሰምቶት ይተኛል።

ይህ ሰው የከተማዋ ሆስፒታል የኔትወርክ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማ። ሥራው የሚሰጠው ግን ከባዱን የኔትወርክ ፈተና አልፎ ሰርተፊኬት ለያዘ ሰው ነው። ፈተናው አንቺ አሁን የምትዘጋጂበት ዓይነት ነው፤ ጥያቄው በፈረንጅ አፍ፣ መልሱ ከአራት ፊደል አንዱን መምረጥ። እንዳንቺው ሦስት ነገር ፊቱ ቀረበለት። አንደኛው ትራስ የሚያህል መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው የአንድ ሽማግሌ መምህር ክፍል ነው። ሽማግሌው ከየመሥሪያ ቤቱ የተጣሉ ስዊቾችን፣ ማለትም የየክፍሉ ኮምፒውተር ገመድ መጥቶ የሚሰካባቸውን ሣጥኖች፣ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ሰካ፣ ንቀል፣ አበላሽ፤ ለምን እንደተበላሸም ንገረኝ» ይላቸዋል። ያ ሽማግሌ እኔ ነኝ ብለሽ አትጠርጥሪ፤ እኔ ያን ያህል ትዕግሥት የለኝም። ሦስተኛው ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጥ ጥራዝ ነው፤ ሦስት መቶ ጥያቄ ከነመልሱ።

ሰውየው መጽሐፉን ገለጠና አሥረኛው ገጽ ላይ ደከመው። ሽማግሌው ዘንድ አንድ ቅዳሜ ሄደ። ሽማግሌው አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ አላወቀውም፤ በዕድሜ በሚያንሱት ልጆች ፊት ክፉኛ አፈረ። ሁለተኛ አልተመለሰም። ጥራዙ ግን አላሳፈረውም፤ ጥያቄውም መልሱም አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ያዘውና ሸመደደው። እንደ ዳዊት ደገመው፤ ቁጥሩን ብትጠሪለት ፊደሉን ይነግርሻል።

ጥራዙ የኮፒ ኮፒ ነበር። የመጀመሪያው ባለቤት ማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ መልሶቹን ከየጥያቄው ጎን የጻፈው ግን እሱ ነው። መልሱ «ሲ» የሆነ እንደሆነ ያቺን ግማሽ ቀለበት የመሰለች ፊደል ይጽፍና ከሥሯ እንደ ጊንጥ ጭራ ቀና ያለች ጭረት ይጨምርባታል። ሰውየው ያን የእጅ ጽሑፍ ወደደው። አንዳንድ ቀን ሲያጠና ከጎኑ ሰው ተቀምጦ ገጹን አብሮት የሚገልጥ ይመስለው ነበር። አልፈራም። እንዲያውም ጥናቱ ቀለለው።

ተፈተነ፤ አለፈ፤ እልል ተባለለት። ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስገብቶ ሰቀለ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ሰው በዚያ ቀን አልተገኘም፤ ቢገኝም የተደገሰለትን እየበላ ዝም ይል ነበር።

ሆስፒታሉም ቀጠረው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ቁልፍ ይዘው ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ወሰዱት። ስዊቹ ያለበት ክፍል መስኮት የለውም። በጨለማው ውስጥ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

«ከአንተ በፊት የነበሩትም ጎበዞች ነበሩ፣ የኔ ልጅ» አሉት። «ሁሉም ሰርተፊኬት ነበራቸው።»

«የት ሄዱ፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ? አንድ ቀን ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጥለው ይወጣሉ። ደህና ይዋሉ ያለኝ እንኳ የለም።»

ሴትዮዋ ይህን ሲሉ ከደጃፉ አላለፉም። ቁልፉን እጃቸውን ዘርግተው ሰጡትና ሄዱ።

ሁለት ወር በሰላም አለፈ። አንድ ዝናባማ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት እርጉዝ ሴት በቃሬዛ መጣች። ደም ይፈሳታል። ወጣቱ ሐኪም ሆዷን በአልትራሳውንድ አየ፤ ያየውን ግን አላመነም። ኦፕራሲዮን ከመጀመሩ በፊት የትልቁ ከተማ ስፔሻሊስት ሥዕሉን አይቶ እንዲፈርድለት ፈለገ። በዚያ ሸለቆ የእጅ ስልክ ድምፅ እንጂ ሥዕል አያሻግርም፤ ሥዕሉ የሚሄደው በሆስፒታሉ መስመር ብቻ ነው። ግማሹ ሄደና ቆመ።

አዋላጅ ነርሷ እየሮጠች መጣች። «ወንድሜ፣ መስመሩ ቆሟል! ሴትዮዋ እየደከመችብን ነው፤ በእናትህ ቶሎ በልልን!»

ሰውየው ክፍሉን ከፈተ። መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ይበራሉ፣ አንድ ላይ ይጠፋሉ። ጥያቄውን ወዲያው አወቀው። መቶ አሥራ ሰባት፦ «መስመሩ ሲቆምና የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አብረው ሲርገበገቡ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» መልሱ ሲ፤ ስዊቹን አጥፍተህ አብራ። ደስ አለው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሰው እየሞተ ደስ አለው። የሚያውቀው ጥያቄ ነዋ የመጣው!

አጠፋው። ክፍሉ ጨለመ። አበራው። መብራቶቹ ቀስ ብለው አንድ በአንድ ነቁ፤ ለአፍታ በየራሳቸው ብልጭ አሉ፤ ከዚያ እንደተጠራሩ ሁሉ አብረው ጀመሩ። እንደገና አጠፋ፣ እንደገና አበራ፤ ያው ሆነ። ሦስተኛም አራተኛም አደረገው። መቶ አሥራ ስምንተኛው ጥያቄ ስለ ሌላ ነገር ነው፤ «ሲ ካልሠራስ?» የሚል ጥያቄ ጥራዙ ውስጥ የለም። ስድስተኛ ጊዜ አጥፍቶ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ሳለ ከኋላው የሰው ትንፋሽ የሰማ መሰለው። የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

የስልኩን መብራት አበራና ሣጥኑ ላይ አስደግፎ ወደ ግድግዳው አዞረው። ከስዊቹ ኋላ ያለው ግድግዳ ተጽፎበታል። ሲ። ከሥሩ ሲ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሲ። ከጣሪያው ጀምሮ እስከ ሰውየው ወገብ ድረስ ይወርዳል፤ አንዳንዱ በእርሳስ፣ አንዳንዱ በእስክሪብቶ፣ አንዱ በጥፍር የተጫረ። የአንድ ሰው እጅ አይደለም፤ አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይንቀጠቀጣል። ሁሉም ግን ከሥራቸው ያቺ የጊንጥ ጭራ አለቻቸው። ከእሱ በፊት እዚያ ክፍል የቆሙት ሁሉ ያንኑ ጥራዝ አጥንተው ነበር። ሁሉም እንዲህ ያለ ቀን መጥቶባቸው ነበር፤ ሁሉም ያንኑ መልሰዋል።

ከሁሉም ሥር ያለው ጽሑፍ ቀለሙ አልደረቀም። በግራ እጁ ነካው፤ ጣቱ ሰማያዊ ሆነ። በቀኝ እጁ እስክሪብቶ እንደያዘ ያወቀው ያኔ ነው።

መቼ እንደጻፈው አያስታውስም። ልጄ፣ እዚህ ላይ ስደርስ እኔ ራሴን ሁልጊዜ ውርር ያደርገኛል።

ስዊቹን መልሶ አበራው፤ መብራቶቹም መልሰው አንድ ላይ መርገብገብ ጀመሩ። ለሰባተኛ ጊዜ ሊያጠፋው እጁ ተዘረጋ፤ እጁ የራሱ አልመስልህ አለው። ከኮሪደሩ ወዲያ የሴትዮዋ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ፤ መቀነሱ ከጩኸቱ ባሰበት። እጁን ሰበሰበ። ስልኩን አነሣና አፍሮ ክፍሉን ለተወበት ለዚያ ሽማግሌ መምህር ደወለ። ዕድሜ ልኩን ወጥቶት የማያውቅ ቃልም ከአፉ ወጣ።

«ጋሼ፣ አላውቅም።»

ሽማግሌው አልተቆጣም፤ የሆነውን አስነግሮ አዳመጠ። «ማጥፋቱን ተወው» አለው። «ዛሬ ሕንፃው ውስጥ ምን ተነካ? የጸዳ ክፍል አለ? የተገፋ ጠረጴዛ አለ? እዚያ ሂድና ገመዱን በእጅህ ይዘህ ጫፉ እስኪመጣ ተከተለው።»

ጠዋት ዝናብ ያፈሰሰበትን የካርድ ክፍል የጽዳት ሠራተኛዋ ወልውላው ነበር። ሰውየው ሮጠ። መሬት ላይ ተንበርክኮ አንዱን ገመድ ያዘና በመዳፉ እየዳበሰ ሄደ፤ ጠረጴዛ ሥር ገባ፣ ወጣ፣ ዞረ፤ ዞሮም ወደተነሣበት፣ ከዋናው ስዊች ጋር ወደተያያዘው የካርድ ክፍሉ ትንሽ ስዊች ተመለሰ። ሁለቱም ጫፎች እዚያው ጎን ለጎን ተሰክተዋል። «ጫፉ ወድቆ አይቼ፣ ሰው እንዳይጠልፈው ብዬ ነው ባዶው ቀዳዳ ላይ የሰካሁት» አለችው የጽዳት ሠራተኛዋ። ለደግ ብላ ነው። የሚላከው መልእክት በአንዱ ጫፍ ወጥቶ በሌላው ይገባል፤ እየዞረ ይባዛል፤ መስመሩን ሞልቶ ሌላውን ሁሉ መንገድ ያሳጣዋል። ስዊቹን መቶ ጊዜ ብታጠፊው፣ ሲበራ ዙሩ እዚያው ይጠብቅሻል።

ነቀለው። ሥዕሉ ሄደ። ስፔሻሊስቱ ወዲያው መለሰ፤ ፍርዱም ትክክል ነበር። ሕፃኑ በሕይወት ወጣ። እናቱ አልተረፈችም።

አዋላጇ ሰውየውን አልወቀሰችውም። እጇን እየታጠበች «ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሆን» አለች፤ ያለችውም ለእሱ ሳይሆን ለውሃው ነው። ስዊቹ ጠፍቶ እስኪነቃ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ሰውየው ስድስት ጊዜ አጥፍቶ አብርቷል።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የጠየቅሽኝ ስለ እሱ አይደለም። የጠየቅሽኝ «ከመጽሐፉ፣ ከልምምዱና ከጥያቄው ጥራዝ የትኛውን ይዤ ልዘጋጅ?» ነው።

ሰውየው አንቺ ነሽ። ጥራዙ የሌላ ሰው እጅ ነው፤ አብዛኛው ልክ ነው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ልክ እየሆነ ያለማምድሽና አንድ ቀን በአንቺ እጅ ይጽፋል። ፈተናውን ያሳልፍሻል፤ አልዋሽሽም። ከፈተናው ወዲያ ያለው ክፍል ውስጥ ግን የሚገባው እሱ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ደግሞ ወፍራሙን መጽሐፍ ብቻ ያዢ እንዳልኩሽ አድርገሽ እንዳትሄጂ፤ የተሸመደደ መጽሐፍ ያው ጥራዝ ነው። ፊቱ ስትቀመጪ የሚያሳፍርሽን፣ በቀን ሦስቴ «አላውቅም» የሚያሰኝሽን ያዢ። ያ ቃል አንድ ቀን ከአፍሽ መውጣቱ አይቀርም። ማንም ሳይደማ ይውጣልሽ።