አንዲት ካሬ ውሃ

ስሙኝ። ነገሩ አጭር ነው፤ እየተደጋገመ ነው የሚረዝመው።

አንድ ነገር ፈለግሁ። አንዲት ካሬ ውሃ።

ካርታ ላይ ነው የምለው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠን፣ ስድስት ሆነን አገር የምንመሠርትበት ጨዋታ ፈጥረን ነበር። ጨዋታው ፎረም ላይ፣ ሁላችን በምናየው የኢንተርኔት ገጽ፣ በጽሑፍ ነው የሚሄደው፤ ዙሩም እሁድ እሁድ ይዘጋል። ካርታውን በካሬ ሸነሸንን፤ መሬቱን በእጣ ተከፋፈልን። ለእኔ ቢጫው ደረሰኝ፤ በረሃው። የምድሩን ሕግ የጻፍነው ግን ከእጣው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ለራሱ መሬት የሚመች ሕግ ጻፈ። ወንዙን ይመር፣ ኮረብታውን ሙሄ፣ ደኑን አራጋው፣ ብረቱን እንድሪስ፣ በሬውን ሉባባ። አሸዋ ሕግ አያስፈልገውም ተባለ።

ሕግ የሚለውጠው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ደግሞ በአፍ የተባለ አይቆጠርም፤ ፎረሙ ላይ ካልተጻፈ አልተባለም። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ክርናችን እየተነካካ፣ እንጻጻፍ ነበር።

ያኔ ቀን ቀን ሲሚንቶ እጭናለሁ። ከተማው ውስጥ የእኔ የምለው አልነበረኝም። ካርታው ላይ ግን አገር ነበረኝ። ዋና ከተማዋን ስንዱ አልኳት። የእህቴ ስም ነው። እህቴ ሞታለች። ስለ እሷ ይህ ይበቃል።

አንድ ቀን ይመር አዲስ ሕግ ለጠፈ፦ እሁድ ዙሩ ሲዘጋ፣ ውሃ የሌለው አገር ሕዝቡ ያልቃል።

ይመር በቀኜ ነበር የሚቀመጠው። ካርታውን የሚይዘውም፣ ዙሩን የሚዘጋውም እሱ ነው።

"ይመር፣ አንዲት ካሬ ውሃ ስጠኝ። ውሃ ከሌለ ስንዱ ትሞታለች።"

"ጻፈው።"

ጻፍኩት። አንገቱን ሳያዞር መለሰ፦ "ወንዝ ከተራራ ነው የሚወርደው። ከአንተ በላይ ያለው የሙሄ ኮረብታ ነው። ኮረብታው ከፍ ካላለ ወንዝ የለም።"

ወደ ሙሄ ሄድኩ። "ሙሄ፣ ኮረብታህን ከፍ አድርገው። ኮረብታው ከፍ ካላለ ወንዙ አይወርድም፤ ወንዙ ካልወረደ ስንዱ ትሞታለች።"

ሙሄ ሳቀ። "ወላሂ ካሳው፣ ለአሸዋ ብለህ እርሻዬን ገደል ልታደርገው ነው? ከፍ ባለ ማግስት ጎርፍ አፈሬን ይጠርገዋል። አፈሬን ደን ይያዝልኝ፣ ከዚያ እናወራለን። ለአራጋው ንገረው።"

ወደ አራጋው ሄድኩ። "አራጋው፣ ደንህ አፈር ይያዝ። ደኑ አፈር ካልያዘ ኮረብታው ከፍ አይልም፤ ኮረብታው ከፍ ካላለ ወንዙ አይወርድም፤ ወንዙ ካልወረደ ስንዱ ትሞታለች።"

"የቱ ደን?" አለ አራጋው። "እንድሪስ ለብረቱ ከሰል እያለ ጨረሰው እኮ። ጉቶ ነው አፈር የሚይዘው? ሂድና እሱን አስተወው።"

አራጋው ክፉ አልነበረም። ማናቸውም ክፉ አልነበሩም። ያን ዓመት፣ እህቴ ሳትሞት፣ ስለ ሕክምናዋ ብዬ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ያገኘኋቸው ሰዎችም ክፉ አልነበሩም። ሁሉም ወደሚቀጥለው በር በትሕትና ይጠቁሙኝ ነበር።

ወደ እንድሪስ ሄድኩ። "እንድሪስ፣ ከሰሉን ቀንስ። ከሰሉ ካልቀነሰ ደኑ አፈር አይዝም፤ ደኑ አፈር ካልያዘ ኮረብታው ከፍ አይልም፤ ኮረብታው ከፍ ካላለ ወንዙ አይወርድም፤ ወንዙ ካልወረደ ስንዱ ትሞታለች።"

እንድሪስ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አወረደ። "ምን አልክ? እንደገና በለው።"

"ከሰሉ ካልቀነሰ ደኑ አፈር አይዝም፤ ደኑ አፈር ካልያዘ ኮረብታው ከፍ አይልም፤ ኮረብታው ከፍ ካላለ ወንዙ አይወርድም፤ ወንዙ ካልወረደ ስንዱ ትሞታለች።"

"እንዴት ያምራል! ዜማ ብታበጅለት ይወጣዋል።" ሁሉም ሳቁ። "ስማ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። በሬው ነው በየዙሩ አዲስ ማረሻ የሚጠይቀው። ማረሻ ብረት ይፈልጋል፣ ብረት ከሰል ይፈልጋል። በሬው የሉባባ ነው። እሷን ጠይቃት።"

ሉባባ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ነበረች። እሷም ጋ ሄድኩ።

"ሉባባ፣ በሬሽ ማረሻ ይቀንስ። በሬው ማረሻ ካልቀነሰ ብረቱ ከሰል አይቀንስም፤ ከሰሉ ካልቀነሰ ደኑ አፈር አይዝም፤ ደኑ አፈር ካልያዘ ኮረብታው ከፍ አይልም፤ ኮረብታው ከፍ ካላለ ወንዙ አይወርድም፤ ወንዙ ካልወረደ ስንዱ ትሞታለች።"

"ስንዱ ማናት?"

"ከተማ ናት።"

ፊቴን ትንሽ አየችው። "እሺ" አለች።

"ምኑ ነው እሺ?"

"በሬው በሁለት ዙር አንዴ ማረሻ ይበቃዋል።"

"እንዲሁ?"

"እንዲሁ ነዋ። ምን ላደርግህ ነበር? የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ ድሮም እለውጠው ነበር።"

"ጻፊው በናትሽ።"

"እየጻፍኩ ነው፤ አታጣድፈኝ።"

ጻፈች። በሬው ማረሻ ቀነሰ። በሬው ማረሻ ሲቀንስ ብረቱ ከሰል ቀነሰ፤ ከሰሉ ሲቀንስ ደኑ አፈር ያዘ፤ ደኑ አፈር ሲይዝ ኮረብታው ከፍ አለ። እንድሪስ ጻፈ፣ አራጋው ጻፈ፣ ሙሄም እያጉረመረመ ጻፈ። አንዱም አላስቸገረኝም። ያን ያህል ቀላል ነበር። ያን ያህል ቀላል ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ይመር ዙሩን ዘጋ። ውጤቱን ለጠፈ። አነበብኩ።

የካሳው አገር፣ ሕዝብ፦ የለም።

ከሥሩ፦ ወንዝ ወደ ካሳው አገር ወርዷል።

"ይመር" አልኩ፣ "ወንዙ ወርዶ የለም እንዴ?"

"ወርዷል።"

"ታዲያ ለምን ሞቱ?"

"ዙር ሲዘጋ መጀመሪያ ሕዝብ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ምድር ይለወጣል። ተራው እንዲህ ነው። ሕዝብህ ሲጠጣ ወንዙ ገና አልወረደም።"

"ተራውን ገልብጠዋ!"

"ጻፈው። በሚቀጥለው ዙር ይታያል።"

"በሚቀጥለው ዙር ማን አለኝ?"

ይመር ዓይኑን ከስክሪኑ አነሳ። ከልቡ ግራ የገባው ይመስል ነበር። "ያልከው ሆኖልሃል እኮ ካሳው። ውሃ አልክ፤ ይኸው ውሃ።"

እውነቱን ነው። ሆኖልኛል። ሰማያዊው መስመር ከሙሄ ተራራ ተነስቶ በቢጫው መሃል ይወርዳል፤ ስንዱን ታክኮ ያልፋል። ያምራል። ሰው የለበትም።

"ምን አለበት ምድሩን ብታስቀድምለት!" ብላ ሉባባ ከመጨረሻው ወንበር ጮኸች። "ተነስተህ ብትገለብጠው እጅህ ይቆረጣል?"

በአፍ ነው ያለችው። አልተቆጠረም።

እኔ ገና ወንበሬ ላይ ሳለሁ ፎረሙ ላይ አዲስ ጽሑፍ ወጣ። የሙሄ ነው። "ከተራራዬ ሥር ሰው የሌለበት፣ ውሃ ያለው መሬት አለ። ሕዝብ የሌለው አገር ባለቤት የለውም። ይሰጠኝ።"

በሬው አልተጠየቀም፤ ብረቱ አልተጠየቀም፤ ደኑ አልተጠየቀም፤ ተራራው አልተጠየቀም፤ ወንዙ አልተጠየቀም። እኔም አልተጠየቅሁም።

ይመር፦ "ተሰጥቷል።"